የጌጤ ቲማቲም የት አደረ?

ልክነሽ ከፎቁ ሥር፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ባልዲዋ ሞልቶ ይፈሳል፤ ቧንቧውን የዘጋ ሰው እንኳ አልነበረም። አጠገቧ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ወድቋል። በውስጡ የነበረው የቲማቲም ችግኝ ከነሥሩ ወጥቶ ገሚሱ አፈር ትከሻዋ ላይ ተበትኗል።

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ኦይታ ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ገነነ ምርመራውን በራሱ ጨርሶ ጠበቀው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ የሚያደክምዎት ነገር የለም። ቆርቆሮው የጌጤ ነው። ከትናንት ወዲያ ‹ቆርቆሮዬን ሰረቅሽኝ› ብላ ሰፈር እስኪሰማ ከሟች ጋር ተጣልታለች። ደግሞም ጴንጤ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ለደህንነት አስረክባታለሁ።»

በ1977 ዓ.ም. ለደህንነት የተሰጠ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነበር። ጌጤ ደግሞ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት።

ፎቁ ከአንድ ነጋዴ ተወርሶ ቀበሌው ለሦስት ያካፈለው ነው። ታች ገነነ ይኖራል። ላይ፣ አንድ በረንዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አሉ፤ በአንዱ ልክነሽና ባሏ አበጋዝ፣ በሌላው ጌጤ። ቁራሽ መሬት የሌላቸው ሁለቱ ሴቶች በቆርቆሮ፣ በተቀደደ ባልዲና ጆሮው በተሰበረ ድስት ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም ያበቅሉ ነበር። ቀበሌው የአትክልት ውድድር ሲያወጣ ልክነሽ ሁለት ዓመት አከታትላ አንደኛ ወጣች፤ ጌጤ ሁለት ዓመት አከታትላ ሁለተኛ። ቅናት ከዚህ የተሻለ ማዳበሪያ ከየት ታገኛለች!

ኦይታ ቅናትን በወሬ አይደለም የሚያውቃት። እሱ ያሠለጠነው አበበ ዛሬ አለቃው ነው፤ ጠዋት መኪናውን ባየ ቁጥር ቁርሱ አይዋጥለትም። ቀናተኛ ሁሉ ገዳይ ቢሆን ኖሮ እሱ ራሱ ገና ዱሮ በታሰረ። ስለዚህ ገነነን ትቶ ቁጢጥ አለና ቆርቆሮው ውስጥ የቀረውን አፈር ጨበጠ። ዱቄት ሆኗል። በመሀሉ የዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል። የችግኙ ግንድ ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ግን ቀጥኖና ነጥቶ ወደ አንድ ጎን ተቆልምሟል። ኦይታ የላንቴ መንደር ገበሬ ልጅ ነውና ችግኙን አገላብጦ ብዙ አየው።

ጌጤን ቤቷ ገብቶ በጋሞኛ አነጋገራት።

«እትዬ ጌጤ፣ ቆርቆሮው ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚሁ።»

«ብቻዎን?»

ዓይኗ ወደ ወለሉ ሄደ። ወለሉ ላይ ሰፊ ሰሌን ተዘርግቷል፤ ጥግ ላይ አምስት ያልታጠቡ ኩባያዎች አሉ። የቤት ጸሎት በሚያሳስርበት ዘመን አብረዋት የነበሩትን ብትጠራ ምን እንደሚያገኛቸው ኦይታ ገባው። ሰሌኑን ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ሌላ ጥያቄ ጠየቀ።

«ቲማቲሙን ምን ይመግቡታል?»

«የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ቅርፊትና አንጀት። ልክነሽ ብታውቅ ይብስ ትበልጠኛለች ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እሷ አመድ ነው የምታደርገው፤ ዓሣ ሽታው ስለሚያስመልሳት ቤቷ ገብቶ አያውቅም።»

«ውሃስ?»

«ማታ ማታ። በዚህ ሙቀት ከዘለሉት ይሞታል። ቆርቆሮው ከጠፋ ግን ሁለት ቀኑ ነው። ማን ያምነኛል?»

ጎን ባለው ቤት የአበጋዝ ዓይን በልቅሶ ቀልቷል። ጺሙን ሲላጭ ጩኸት ሰምቶ እንደወጣ ተናገረ። ከመኝታ ቤቱ ጀርባ አንዲት የተቆለፈች ክፍል ነበረች።

«ይህቺስ?»

«የጽሕፈት ክፍሌ ናት፤ የሰው ማመልከቻ የምጽፍባት። ቁልፏ ከኪሴ አይወጣም። ልክነሽ እንኳ አትገባባትም» አለ፤ በሐዘኑ መሀልም ኮራ ብሎ።

ሲከፍትለት ክፍሏ ጨለምለም ያለች፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ያላት ሆና አገኛት። ከመስኮቱ ሥር ጉንዳን ተሰልፎ አንድ ነገር ይጎትታል። ኦይታ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ፤ አንድ ነገር አንስቶ በወረቀት ጠቀለለና ወጣ።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው።

«ከጓድ ገነነ ልጀምር። ውሃ ያንጠባጥቡብኛል ብለው እነዚህን ቆርቆሮዎች ቁልቁል እንደሚጥሉ ዝተዋል።»

«ለማስፈራራት ነው እንጂ!» አለ ገነነ ፈጥኖ።

«አውቃለሁ። ቆርቆሮው ሲወድቅ ግን ግቢው በር ላይ ከጎረቤት ጋር ሲጨዋወቱ ታይተዋል። አሁን ወደ ቲማቲሙ እንምጣ። አፈሩ ክው ብሏል፤ ሁለት ቀን ውሃ አላየም። ጌጤ ተሰረቅሁ ያለችው እውነት ነው። ልክነሽ ወስዳው ቢሆን ኖሮ ታጠጣው ነበር፤ የሷ እጅ የባላንጣዋ ተክል እንኳ ሲደርቅ አያስችለውም።»

«ጌጤ ራሷ ደብቃው ቢሆንስ?» አለ ገነነ።

«ጫፉ ነጥቶ ተቆልምሟል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን ሲፈልግ ነው የሰነበተው። የት? የጌጤ አፈር የዓሣ ቅርፊት አለበት።» ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ፤ ሁለት ቅርፊቶች ነበሩበት። «እነዚህን ዓሣ ገብቶ በማያውቅበት ቤት፣ ቁልፏ ከአንድ ሰው ኪስ በማትወጣ ክፍል ውስጥ ከጉንዳን አፍ ቀማሁ። የቆርቆሮው ቂጥ ዝገትም ወለሉ ላይ ታትሟል።»

እስካሁን አበጋዝን «እርስዎ» ይለው ነበር። አሁን ተወው።

«ሁለቱን ለማጣላት ሰረቅኸው። ሰፈሩ ጠቡን ከሰማ በኋላ ልክነሽ ቧንቧው ላይ ስታጎነብስ ጣልህባት። ሁሉን አሰብህ፤ አንድ ኩባያ ውሃ ግን ትዝ አላለህም። በዚህ በረንዳ ላይ አንድ ቀን አጠጥተህ አታውቅማ።»

«የሴት ሥራ ነው!» ብሎ ጮኸ አበጋዝ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ማቆም አልቻለም። «ሰው ይህን ደረጃ እኔን ብሎ ነበር የሚወጣው፤ ማመልከቻ ለማጻፍ! አሁን ቲማቲም ሊያይ ይመጣል፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እሷን ይጠብቃል። ገበያ ስወጣ በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ። ‹የልክነሽ ባል! የልክነሽ ባል!›»

ጌጤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «እኔም ቀንቼባታለሁ» አለች። «እንዲደርቅባት ተመኝቻለሁ። እንድትሞት ግን... በፍጹም።»

«ጠዋት የት እንደነበረች ግን አልተናገረችም» አለ ገነነ፣ ነገሩ አልዋጥ ብሎት።

«ገዳዩ ተገኝቷል። ያ የኔ ጉዳይ አይደለም፤ የእርስዎም አይደለም። እትዬ ጌጤ፣ ወደ ልጆችዎ ይሂዱ።»

ፖሊሶች አበጋዝን አስረው ሲያወርዱት ግቢው በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ከሐይቁ ዓሣ ተሸክሞ የመጣ አንድ ሰው አጠገቡ ያለችውን ሴት ጠየቃት።

«ማነው?»

«አታውቀውም እንዴ? የልክነሽ ባል ነው።»

አበጋዝ ዞረና ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተ። አንዱ ፖሊስ ግን ገፋ አድርጎ መኪናው ላይ ጫነው።