ከፊደሉ ሥር የተነጠፈው ፊት

ሽታሁን የተገኘው ቢቸና ውስጥ ገጽ አዘጋጅ ሆኖ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት፣ ከወረቀት መቁረጫው ብረት ሥር ሞቶ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ማጅራቱ ተፈንክቷል። የሸሚዙ የአንገት ቁልፍ ተበጥሳ ጠረጴዛው ሥር ወድቃለች። ኢንስፔክተር መክሊት ቁልፏን አንሥታ መዳፏ ላይ አየቻትና፣ ተንሸራቶ የሚወድቅ ሰው የገዛ አንገቱን አያንቅም ስትል አሰበች።

አለቃዋ ኮማንደር ይታገስ ግን ገዳይ አግኝቻለሁ ባይ ነበር። የያዛት ሐናንን ነው፤ ከሽታሁን ጎን የምትሠራ፣ ሞጣ ተወልዳ ያደገች ወጣት። ከምሳ ስትመለስ ሞቶ እንዳገኘችው ተናግራለች። ላነሣው ብዬ ነው ብትልም እጇ በደም ተነክሯል፤ በዋዜማው ሲጨቃጨቁም ጎረቤት ሰምቷል። ኮማንደሩ የክስ መዝገቡን እንድትፈርምበት ወደ መክሊት ገፋላት።

«አልፈርምም» አለችው።

«ታዲያ ማን ነው?»

«እሱን ሳውቅ እፈርማለሁ፣ ጌታዬ።»

ኮማንደሩ ተቆጣ፤ ከበላይ የሚመጣውን ጥያቄ አንቺ ትመልሺዋለሽ ብሎ አስጠነቀቃት። እመልሳለሁ ብላው ወጣች።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አቶ ፋንታ ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል፤ ቃላቸው ግን አልተዛነፈም። በዚያ ሰሞን በእጃቸው የነበረው ሥራ የሞጣው የቅኔ መምህር የየኔታ ፍቅረ ሥላሴ መጽሐፍ ነው። ወጪውን የቻሉት ነጋዴው አቶ ጓዴ፣ ፎቷቸው በየገጹ ከፊደሉ ሥር ደብዘዝ ብሎ እንዲታይ ጠይቀዋል። ሽታሁን ደግሞ በልጅነቱ ከየኔታ ዘንድ የተማረ ነበርና፣ በመምህሬ ቅኔ ሥር የሰው ፊት አላነጥፍም ብሎ ሰንብቷል።

«በመጨረሻ ግን እሺ አለኝ» አሉ አቶ ፋንታ። «ባክግራውንዱን፣ ያንን ከፊደሉ ሥር የሚሆነውን ፎቶ፣ ራሱ አስገባ፣ ረቂቁን አትሞ ሰጠኝ፣ እስከ በር ሸኘኝ። ወደ ሞጣ ስነሣ ደኅና ነበር።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የገባችው ሐናን ብቻ ነበረች። ቃላቸው እውነት ከሆነ ልጅቷ አለቀላት።

ሐናን በእስር ቤቱ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ያቀረቡላትን፣ ገድዬዋለሁ የሚል የእምነት ቃል አልፈርምም ብላ መልሳዋለች። መክሊት ስለ ጭቅጭቁ ስትጠይቃት አልካደችም፤ እምቢ ካልህ ሥራውን ትተህ ሌላ ፈልግ ብላ መክራው እንደነበር ነገረቻት።

«ምን አለሽ?»

«ወንበሬንም አልለቅም፣ ፎቶውንም አላስገባም አለኝ።»

«አድሮ እሺ ብሎ ቢሆንስ?»

«ሽታሁንን አያውቁትም፣ እትዬ።»

መክሊት ወደ ሞጣ ወጣች። አቶ ጓዴ አቶ ፋንታ ያመጡላቸውን፣ ፎቷቸው የወጣበትን ረቂቅ በኩራት አሳዩዋት። ሽታሁን በሞተበት ቀን ከሱቃቸው እንዳልወጡ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ መሰከሩላቸው። ከዚያ የኔታን ጠየቀች። ሽማግሌው ለሐረግ ጌጥ እንኳ ሳያስፈቅደኝ እጁን አያነሣም ነበር ብለው እያለቀሱ፣ ቀደም ሲል ሽታሁን ያመጣላቸውን፣ ፎቶ የሌለበትን ነጩን ረቂቅ ሰጧት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ገጽ በገጽ ተመለከተች። በነጩ ረቂቅ ላይ የየገጹ ቁጥር ከግርጌ አለ። በሌላው ላይ የአቶ ጓዴ ፊት ገጹን እስከ ጫፉ ሞልቶታል፤ ፊደሉ ይነበባል፤ ቁጥር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለም።

በማግሥቱ ሁሉንም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አቶ ፋንታና አቶ ጓዴ ወንበር ያዙ፤ የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ፤ ሐናን በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመች። ኮማንደር ይታገስ በሩ ላይ እጁን አጣምሯል።

«ይህን መጽሐፍ ስትሠሩ ቁጥሩን የምታስቀምጡት የት ነው?» ብላ ሐናንን ጠየቀቻት።

«ማስተር ፔጅ ላይ። እዚያ አንድ ጊዜ ያስቀመጡት በሁሉም ገጽ ይወጣል። ባክግራውንድም የሚገባው እዚያው ነው፣ ከቁጥሩ ሥር። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ፎቶውን በየገጹ እየዞረ ይለጥፋል። ፊደሉን ከላይ ያወጣዋል፤ ቁጥሩ ከፎቶው ሥር ተቀብሮ ይቀራል።»

መክሊት ኮምፒውተሩን ራሷ ከፍታ አሳየቻቸው። ማስተር ፔጁ ላይ ከቁጥሩ በቀር ምንም የለም። የአቶ ጓዴ ፊት በየገጹ አንድ በአንድ ተለጥፏል።

«ሽታሁን እንዲህ አይሠራም» አለች፤ «ሐናንም እንዲህ አትሠራም። አቶ ጓዴ ሞጣ ነበሩ። አቶ ፋንታ፣ እርስዎ ሥራ የጀመሩት የሠርግ መጥሪያ በመሥራት ነው አሉ።»

አቶ ፋንታ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መጥሪያ አንድ ገጽ ነው፤ ማስተር ፔጅ አይፈልግም። እርስዎ የለመዱትን ሠሩ። ፎቶውን እኔ አስገባሁት ቢሉ ኖሮ ማንም ባልወቀሰዎት ነበር። ሽታሁን አስገባው ያሉት ለምንድን ነው? ያ ረቂቅ ሲታተም ሽታሁን በሕይወት ነበር ብለን እንድናምን የሚፈልግ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ገዳዩ።»

አቶ ፋንታ ለመካድ አፋቸውን ከፈቱ፤ የኔታ ፊታቸውን ወደ እሳቸው ሲያዞሩ ግን አመኑ። ለአቶ ጓዴ ቃል ሰጥተው እንደነበር፣ ልጁ በሠራተኛ ፊት ብቻ ሳይሆን ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉም አልታዘዝም ሲላቸው አንገቱን አንቀው ወደ ወረቀት መቁረጫው ብረት እንደገፈተሩት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሬሳውን ከጀርባቸው አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ፎቶውንም እስከ መጨረሻው ገጽ ለጠፉ። አቶ ጓዴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ልጄ ባያጎነብስ ገደላችሁት» አሉ የኔታ።

አቶ ፋንታ በካቴና ከወጡ በኋላ ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሐናን በጓሮ በር ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ነገራት። ሐናን አልተነቃነቀችም።

«ስታስሩኝ በገበያው መሃል ነው ያሳለፋችሁኝ» አለችው። «ስትለቁኝም በዚያው አሳልፉኝ።»

ኮማንደሩ ሥርዓቱ አይፈቅድም ሊል ጀመረ። መክሊት ሳትጠብቀው የፊቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ከልጅቷ ቀኝ ቆመች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሁለቱ ሴቶች የመንገዱን መሃል ይዘው ሲራመዱ እህል ሻጩም ገዢውም ቀና ብሎ አየ። ጥቂት ቆይቶ የኔታ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ወጡ፤ ከሐናን ግራ ገቡ። በመጨረሻም ኮማንደር ይታገስ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላቸው ተከተለ።