ጋሻው ላይ ያለችው ሴት

ሰሎሜ ጨርቁን በድንገት አነሳችው። ከጥቀርሻው ሥር አንድ ዓይን ያያት ነበር።

እናቷ ሰርካዲስ ያዘዘቻት የሥዕሉን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ እንድታደርግ ብቻ ነው። ሰሎሜ ግን ችኩል ናት፤ ቶሎ ልገላገል ብላ ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ነከረችው። አሁን ከፈረሰኛው ጋሻ ላይ ጥቁሩ እየለቀቀ ነው። ሁለተኛው ዓይን ወጣ፤ ከዚያ በጩኸት የተከፈተ አፍ። የሴት ፊት ነው። በፀጉሯ ፈንታ እባቦች ተጠምጥመዋል።

ሥዕሉ ሂልቶፕ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ከተሰቀለ አምስት ወር ሆኖታል። እናቷ ዌስተርቪል የምትባል ከተማ ሄዳ ትንከባከባቸው የነበሩት አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው የማይፈልጉትን ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ከመሩት። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር። እናቷ ገልበጥ አድርጋ ብታየው ነጭ ፈረስ፣ ዘንዶ፣ የታሰረች ልጅ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? «ቅዱስ ጊዮርጊስን ጋራዥ ይጥሉታል!» ብላ አቅፋው ወጣች። የአሮጊቷ ልጅ «እናታችን እኮ ማየት አትወደውም ነበር» ብትላትም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ቀይ መጋረጃ ሰፍታለት ሰቀለችው።

በጥር ብርድ የሰሎሜ ታናሽ ወንድም ኢዛና አስም ተነሥቶበት ሆስፒታል ገባ። እናቷ ሥዕሉ ፊት ተንበርክካ «ልጄን ማርልኝ እንጂ ይህን ሥዕልህን ለደጅህ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ኢዛና ዳነ፤ ይኸው ዛሬ ሶፋውን እየዘለለበት ስፕሪንጉን ጨርሶታል። የፊታችን እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው የጊዮርጊስ በዓል ይከበራል። አባ ሰይፈሥላሴ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት መጋረጃውን ገልጠው ስለቱን ይቀበላሉ። ለዚህ ነው ሥዕሉ መጠረግ ያስፈለገው።

ሰሎሜ ፎቶ አንሥታ በስልኳ ፈለገችው። ፐርሲየስና አንድሮሜዳ፤ ፈረሰኛውና የታሰረችው ልጅ። የግሪክ ተረት ነው፤ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ የባሮክ ዘመን ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል። ጋሻው ላይ ያለችው አንገቷ የተቆረጠ ሜዱሳ ናት፤ ያያት ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። የታሰረችው ልጅ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። እናቷ በቁንጅና ከባሕር አማልክት እንበልጣለን ብላ በመመጻደቋ ባሕሩ ተቆጣ፣ ወላጆቿም ለአውሬው አሳልፈው ሰጧት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን የነገራት ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሰሎሜ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሥዕሉ ላይ ልጅቷ እንደ ወተት ነጭ ናት።

ሰንበት ትምህርት ቤት ዲያቆኑ የነገራቸው ትዝ አላት። በእኛ አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ቀና ብላ አየች። ፈረሰኛው በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ አለው። በሁለት ዓይኗ ትክ ብላ የምታያት ጋሻው ላይ ያለችው ናት። ሰሎሜ ፈራች።

ለጓደኛዋ ለማራናታ ደወለች።

«ኦ ማይ ጋድ! እናትሽ አምስት ወር ሙሉ ሜዱሳ ፊት ጸልያለች?» አለች ማራናታ። እሷ ጴንጤ ናት፤ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ብቻ ነው።

«አትሳቂ። ሰው ሁሉ ጋር ኮል አድርጋ ጋብዛለች። ብነግራት ትሰበራለች። ዝም ብል ደግሞ እሑድ ሰው ፊት ትዋረዳለች።»

«ፍሪክ አውት አታድርጊ። ከቨር አድርጊው፣ በቃ። ማን ያያል?»

ሰሎሜ ጥቁር የጫማ ቀለም አምጥታ ፊቱን በጣቷ ሸፈነችው። ግንባሩ ጠፋ፣ አፉም ጠፋ። ዓይኖቹ ግን ቀለሙ በደረቀ ቁጥር ተመልሰው ብቅ ይላሉ፤ ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት። ሦስቴ ደራርባ ቀባችና መጋረጃውን ዘጋች። ያ ቀን ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ስትሰግድ ሰሎሜ ሲሪያሏን እየበላች አየቻት። ዓርብም እንዲሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር የሚተነፍስ እየመሰላት ሳሎኑን በሩጫ ማለፍ ጀመረች። የማሞቂያው አየር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ትሮጣለች።

«ማሚ፣ ሁ ኢዝ ዘ ሌዲ?» አለ ኢዛና ዓርብ ማታ፣ ወደ ሥዕሉ እየጠቆመ።

«ብሩታዊት ናታ፣ ጊዮርጊስ ከዘንዶው ያዳናት።»

«ኖ። ዘ አዘር ዋን። አፏን የከፈተችው።»

እናቷ ስቃ ራሱን ዳበሰችው። ሰሎሜ ግን የያዘችው ሹካ ከእጇ ወደቀ። ቀለሙን ሦስቴ ነው የደራረበችው። ታዲያ ልጁ ምን አይቶ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ከብዶ ሳሎኑ ጨለም ብሏል። እናቷ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ የምትጠቀልልበትን ሻሽ ዘረጋች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ያበራል።

«የነገ የሥራ ሺፍቴን ለባልደረባዬ ለፋናዬ ሰጠሁ። በሕይወቴ እንደ ነገ የምጓጓለት ቀን የለም፣ ልጄ። ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለቻት።

ሰሎሜ ጫፉን ያዘች። እናቷ ከመጠቅለሏ በፊት ልትሳለመው ጎንበስ አለች። ከንፈሯ በቀጥታ ወደ ጋሻው ወረደ።

«እማዬ! እንዳትስሚው!»

እናቷ ደንግጣ ቀና አለች። ሰሎሜ የሹራቧን እጅጌ በመዳፏ ይዛ ጋሻውን ፈተገችው። ቀለሙ እየተንሸራተተ ለቀቀ፤ እባቦቹ፣ ዓይኖቹ፣ አፉ አንድ በአንድ ወጡ። እናቷ አማተበች።

«በስመ አብ! ይቺ ማናት?»

ሰሎሜ ነገረቻት፤ ስለ ሜዱሳ፣ ስለ ፈረሰኛው፣ ስለ ታሰረችው ልጅ። እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ ነበር፤ ሰሎሜ ያንን ስታይ አለቀሰች።

«እና ጊዮርጊስ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

«ልጅቷን ማን ነው ያሰራት?»

«እናትና አባቷ። እናቷ በተናገረችው ነገር የተነሣ።»

እናቷ የታሰረችውን ልጅ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሰሎሜ አዞረች።

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን» ማለት ቀላል ነበር። ማንም አያጣራም። ማራናታ እንኳ አትናገርም።

«ረቡዕ» አለች ሰሎሜ። «ቀለም የቀባሁትም እኔ ነኝ።»

«ስሰግድ እያየሽኝ?»

«እያየሁሽ።»

እናቷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ስልኳን አንሥታ የአባ ሰይፈሥላሴን ቁጥር ነካች። «ሃሎ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሲሰማ አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ቀስ ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሃሎ? ሰርካዲስ?» አለ ስልኩ።

ሰሎሜ በቀለም በጠቆረ እጇ አነሣችው።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ሰሎሜ ነኝ» አለችና ከረቡዕ ጀምራ ነገረቻቸው።