ከኋላ የሚመጣው ድምፅ

«እለፍ እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ልጅቷ በተራራው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ጫማዋን አውልቃ ጠጠር እያራገፈች ነበር። ካልሲዋ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሏል። አብሯት የሚጓዘውን ሰው ሁሉ አሳልፋ፣ ማንም ሳያየኝ ቶሎ ልጨርስ ስትል አንድ ረጅም ወጣት ጀርባውን ሰጥቷት እንደ ምሰሶ ተተክሏል።

«ማለፍ አልችልም» አላት ሳይዞር።

«ለምን? መንገዱ ጠቦህ ነው?»

«ጭራ ነኝ።»

«ምን ነኝ አልክ?»

«ጭራ። የመጨረሻው ሰው። ከእኔ ኋላ ማንም አይቀርም። አንቺ ካልተነሳሽ እኔም የትም አልሄድም።»

«እና እስኪመሽ እዚህ ብቀመጥስ?»

«ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ይዣለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ግን አልዞረም። ለካ ካልሲዋን አይቶ ኖሯል፤ እንዳታፍር ብሎ ነው። ይህች ትንሽ ነገር አንጀቷን በላችው።

ልጅቷ መነጽር ሠሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ጠባብ ሱቅ ውስጥ መስታወት ስትሞርድ፣ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለች የሰው ዓይን ስትፈትን ትውላለች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ተራራ ነው። በቅርቡ የገባችበት የተጓዦች ማኅበር ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከፊት መሪው አለ፤ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት። ከኋላ ጭራው አለ። መሪውን ማንም አይቀድምም፤ ጭራው ደግሞ ማንንም አይቀድምም። ማን ምን ያህል መውጣት እንደሚችል የሚያውቀውም ጭራው ነው። እሱ «ይህ ሰው አይችልም» ካለ አለቀ፤ ጋሼ ራሱ የጭራውን ቃል አይሽርም።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ይህች ልጅ ዘገምተኛ አይደለችም። ከልጅነቷ ዳገት ስታይ እግሯን የሚበላት ናት። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ «አንቺ ሴት፣ ቀስ በይ! ማን አባረረሽ?» እያለች ጉሮሮዋ ደርቋል። በሁለተኛው ቅዳሜም ከጋሼ እግር ሥር አልጠፋችም ነበር። ግን ጆሮዋ ከኋላ ቀረ። አንድ ዝግ ያለ ሳቅ ከሩቅ ትሰማለች፤ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ቆመች። የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ አሰረች፤ እንደገና ፈታች። ሰዉ ሁሉ አለፋት።

«ዛሬም ጠጠር ነው?» አላት ድምፁ።

«አዎ... ጠጠር ነው።»

ከዚያ በኋላማ ቅዳሜ የእነሱ ሆነ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን አይኬድበትም። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ጉም ከዛፎቹ መሃል እየወጣ እግራቸውን ሲውጠው፣ ከፊታቸው የሄደው ሰው ሁሉ ሲጠፋ፣ ዓለም ላይ የቀረው የእሱ ድምፅ ብቻ ይመስላታል። ፊት ለፊት ቢሆን የማትለውን ሁሉ ከፊቷ ላለው ጉም ትናገራለች፤ መልሱ ከትከሻዋ ኋላ ይመጣል። ልጁ ሊፍት ጠጋኝ ነው። በየሕንጻው ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው።

«አትፈራም?» አለችው አንድ ቀን።

«ሊፍቱን አልፈራም። ሰው ነው የሚያስፈራኝ። ፊት ለፊት ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል።»

«ከእኔ ጋር ግን መቼ ዝም አልክ!»

«አንቺማ እያየሽኝ አይደለም።»

ሙቀት ከአንገቷ ተነስቶ ጆሮዋ ድረስ ሲወጣ ተሰማት። ዞራ ብታየው ድምፁ የሚጠፋ መሰላት፤ አልዞረችም።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ጠየቃት።

«ለምንድነው ግን ሁልጊዜ ኋላ የምትቀሪው?»

ክው አለች። ምን ትበል? ላንተ ብዬ ነው ትበለው? አፏ ላይ የመጣላትን ወረወረች።

«ጉልበቴን... ትንሽ ያመኛል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ የጉልበት ማሰሪያ ገዝቶ፣ ከሊፍት ሥራ የተረፈ ቀላል ብረት ምርኩዝ አድርጎ ሠርቶ መጣ። ቦርሳዋን ተሸከመላት። ቁልቁለት በደረሱ ቁጥር «ቀስ... ቀስ በይ» ይላታል። ውሸቷ ቢያሳፍራትም ጣፋጭ ነበር፤ መዋሸቷን ማቆም አቃታት።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ማኅበሩ ውጭ አገር ሊሄድ ተነሳ። ድንበር ማዶ አናቱ በረዶ የለበሰ ትልቅ ተራራ አለ። ልጅቷ ፎቶውን ከሥራ ጠረጴዛዋ በላይ ለጥፋዋለች። ከልጅነቷ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፦ ጫፉ ላይ ቆሞ ደመናን ከላይ ማየት። አሁን ደግሞ ምኞቷ ላይ ያ ድምፅ ተጨምሯል። ፓስፖርቷን አወጣች፤ ወፍራም ጃኬት ገዛች።

ጋሼ ግን ወደ ጎን ወሰዳት።

«ልጄ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ።»

«ለምን ጋሼ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ጭራው ነው። ጉልበቷ አያወጣትም አለ። እሱ ያለውን ደግሞ ታውቂያለሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ራቅ ብሎ ቆሞ ገመድ ሲጠቀልል አየችው። ቀና አላለም። ሊያስቀራት የፈለገ መሰላት፤ የሰለቸችው፣ ሸክም የሆነችበት። ሆድ ባሳት፤ ሳትሰናበተው ሄደች።

እህቷ ነገሩን ስትሰማ የምታጥበውን ሳህን ትታ በሳቅ ፈረሰች።

«የት ያለውን ጉልበት ነው የሚያምሽ? አንቺ? ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልሽ የምትወጪው?»

«እትዬ፣ አታሹፊብኝ!»

«እና ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸዋ!»

«ምን ብዬ? ለምን ዋሸሽ ሲሉኝስ?»

እህቷ ሳቋን አቆመች። እጇን በፎጣ አደራርቃ ጉንጯን ያዘቻት።

«እስከዚህ ድረስ ነው እንዴ? ውይ የኔ እናት...»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ምርኩዙን ቤት ጥላ መጣች። በንዴት ወጣች። ዳገቱን እንደ ሜዳ ሄደችበት፤ ጋሼ እንኳ «ኧረ ቀስ!» እያለ ተከተላት። ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሰዉ አንድ በአንድ ሲደርስ አየች። በመጨረሻ እሱ መጣ። ላቡን ጠርጎ ጉልበቷን አየ፤ ከዚያ ዓይኗን። እውነትም ፊት ለፊት ሲሆን ቃል ይጠፋዋል።

«ተሻለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ታምሜ አላውቅም።»

«ታዲያ... እኔ ላይ ስትስቂ ነበር?»

ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ጋሼ ጉሙ እየመጣ ስለሆነ ውረዱ ብሎ ጮኸ። ሰዉ ተነሳ። እሷ ሆን ብላ መጨረሻ ሆነች፤ እሱም እንደ ሥርዓቱ ከኋላዋ ገባ። እስከ ግማሹ ቁልቁለት ድረስ ተከታትለው ወረዱ። የሚሰማው የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነው። ከዚያ ለጉሙ ተናገረች።

«እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«አልሳቅኩብህም። ወደፊት ብሄድ ድምፅህ አይሰማኝም። ለዚህ ነው ኋላ የምቀረው። ሌላ ምክንያት የለኝም... እወድሃለሁ መሰለኝ። መሰለኝ አይደለም፤ እወድሃለሁ።»

ከኋላዋ ኮቴው ቆመ። እሷም ቆመች፤ ለመዞር ግን ድፍረት አጣች።

«እኔ ደግሞ» አለ ድምፁ ቀስ ብሎ፣ «ያን ተራራ ስትወጪ ጉልበትሽ ቢከዳሽ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ለሌላ ሰው እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አትችልም ብዬ ስናገር አፌ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ አይቶኛል።»

ጋሼ በርግጥም አይቶ ነበር። ሁለቱ ታች ደርሰው፣ ልጁ ቃሉን እንደሚያነሳ ሲነግረው፣ ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገ።

«ቃልህን አንሳ፤ ትሂድ። ጭራነቱን ግን ለሌላ ታስረክባለህ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ጭራ ሁሉንም እኩል ነው የሚያየው። አንተ አሁን የምታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። በል አትፈር፣ እኔም ሚስቴን ያገኘኋት መሪነቴን ረስቼ ነው!»

ድንበሩን በአውቶቡስ ተሻገሩ። የተራራው መንገድ ሰፊ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ሄዱ። እናም ጉድ ነው፣ ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው! አንዳቸው ሌላውን ሰረቅ አድርገው ያዩና መልሰው መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ሣሩ እየሳሳ፣ በመጨረሻ ድንጋይና በረዶ ብቻ ቀረ። ነጭ ነገር ሁሉ ብርሃን የሚተነፍስ ይመስላል።

በመጨረሻው ቀን፣ ገና ሲነጋጋ፣ ጫፉ ከፊታቸው ቁልጭ ብሎ ሲታይ ልጅቷ ቆመች። ከከፍታው የተነሳ ራሷ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ምነው?» አላት።

ደህና ነኝ ልትለው ነበር። የምትመኘው ጫፍ እዚያ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ዓይኗን ጨፈነች።

«አልችልም» አለች። «ራሴን ክፉኛ አሞኛል። ከዚህ አልፌ መሄድ የለብኝም... እውነቴን ነው። ታምነኛለህ?»

«አምንሻለሁ።»

አዲሱ ጭራ ሊያወርዳት ቀረብ አለ። እሷም እንባዋ እየወረደ «አንተ ሂድ» አለችው ወዳጇን። «ሁልጊዜ መጨረሻ እየደረስክ ጫፍ ላይ በቅጡ ቁጭ ብለህ አታውቅም። ዛሬ ነፃ ነህ። ሂድልኝ፤ ምን እንደሚመስል ትነግረኛለህ።»

ልጁ ጫፉን አየ። ብዙ ጊዜ አየው፤ አልዋሻችሁም፣ ልቡ ሄዶ ነበር። ከዚያ አዲሱን ጭራ «ይዣት እወርዳለሁ፤ አንተ ሰዎቹን ተከተል» ብሎ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረደ።

ትንሽ ዝቅ ብለው ከነፋስ የተከለለ አለት ሥር አረፉ። ራሷ እየቀለላት መጣ። ጓደኞቻቸው ከላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይታያሉ። ፀሐይ ስትወጣ በረዶው መጀመሪያ ሮዝ፣ ከዚያ ወርቅ ሆነ። ደመናው ከታች ሳይሆን ገና ከፊታቸው ነው፤ የፈለገችውን አላየችም። ቆጫት። ቁጭቷን ሳትደብቅ ሲያያት እሱም ሊያባብላት አልሞከረም፤ እጇን ከጓንቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘው።

ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ነበር። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ብዙ ተለማምጄ ነበር» አለ። «ሁሉም ጠፋብኝ።»

«እና ልዙርልህ?»

«አይ፣ አትዙሪ። እያየሽኝ ልበለው።» ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። «ታገቢኛለሽ?»

ልጅቷ ፊቱን አየችው። ቅንድቡ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ አፍንጫው ቀልቷል፤ ዓይኑ ከፍርሃት ብዛት እርግብግብ ይላል። የሰው ዓይን ሲፈትሽ የሚውል ሰው ዓይን እንዴት እንደሚያይ ያውቃል፤ እንዲህ ያያት ግን ማንም አልነበረም።

«ራሴን እያመመኝ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ሲሻልሽ እንደገና እጠይቅሻለሁ።»

«እሺ፣ ያኔም ጠይቀኝ» አለች እንባዋንና ሳቋን መለየት አቅቷት። «አሁን ግን መልሴን ያዝ። አዎ... አገባሃለሁ።»