ያልሟሟው ዱቄት

«ይሄ ዝቃጭ ነው ወይስ ሾርባ?» አለ አለቃው።

ከመጭመቂያው ማሽን ሥር እንደ እርጥብ አፈር መውደቅ የነበረበት ዝቃጭ እየተዝረከረከ ወለሉን ሞልቶታል። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለቻ!

የከተማው ፍሳሽ የሚጣራው እዚህ ነው። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፤ የራሱ ጉድ መሆኑን ረስቶ። ውሃው ከዝቃጩ እንዲለይ ፖሊመር የሚባል ነጭ ዱቄት ጋን ውስጥ በውሃ ተበጥብጦ ይጨመርበታል። ዱቄቱ እንደ ጨው በጣት ይነሰነሳል እንጂ አይደፋም። ከተደፋ ይጓጉላል፤ ከተጓጎለ ደግሞ አይፈታም፣ ዝቃጩም ውሃውን አይለቅም።

ጠዋት እናቷ በጥበጣውን ለእሷ ትታ ፓምፑን ልታይ ስትወጣ፣ «ቀስ እያልሽ ነስንሺ፣ እሺ?» ብላት ነበር። ስልኳ ሲንጫጫ ግን ልጅቷ የዱቄቱን ባልዲ አንስታ ጋኑ ውስጥ ዘረገፈችው። የማሽኑን ማጣሪያ ሸራ ሲያጥቡ የነበሩት አዛውንቱ ሠራተኛ ጋሼ ዞር ሲሉ ነገሩ አልቋል። «አይ የዛሬ ልጅ!» ብለው በእንጨት ቢያማስሉ ቢያማስሉ፣ ወይ ፍንክች!

«ማነው ዱቄቱን የበጠበጠው?» አለ አለቃው።

የእናቷ ከንፈር ደረቀ። ልጅን ሥራ ላይ ማሰማራት ያስባርራል።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቸኮልኩ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ማሽኑን አይነኩም። ጡረታዎ እስኪደርስ በር ይጠብቃሉ።» አለቃው ደረጃውን ወጥቶ ቢሮው ገባ።

ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁ፤ አጥፈው ማሽኑ ላይ አኖሩት፤ እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ልጅቷን ቀና ብለው አላዩዋትም። ቢሰድቧት በስንት ጣዕሙ!

«ጋሼ፣ ለምን?»

«እናትሽ ከዚህ ሌላ ምን አላት? እኔ እንደሆንኩ መሄዴ ነው።»

«ዝም በይ የኔ ልጅ፣ አደራሽን» አለች እናቷ።

ልጅቷ ወደ ጋኑ ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች፤ የዓሣ ዓይን የሚመስለውን የሚያሟልጭ የዱቄት ጓል ዘግና አወጣች። ጓሉን በመዳፏ እንደያዘች ወደ አለቃው ቢሮ የሚያወጣውን የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠች።

የእናቷ ቦት ጫማ ከኋላዋ ሲመጣ ሰማች። ልታስቆማት ይሁን ልታጅባት አላወቀችም። ሳትዞር ሁለተኛውን ወጣች።