ሚስባህ ያላነበበው

ሚስባህ የሚሠራው ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የወሎን ባህል የሚሰበስብ ዊኪ፣ ብዙ ሰው የሚጽፍበት ድረ ገጽ፣ ጀምረው እሱ ገጾቹን ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ እጽፋለሁ። የቆላ ልብሴን ለብሼ በደሴ ብርድ ስንቀጠቀጥ ጃኬቱን ያቀብለኝና ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያዞራል። ወይ ያ ጊዜ!

«ፈትሂያ፣ ይህን ሁሉ በስልክ ማን ያነበዋል?» አለኝ አንድ ቀን፣ ስለ ጋብቻ የጻፍኩትን እያየ።

«ታዲያ ልቁረጠው?»

«ኧረ ተይ! እንሸፍነዋለን።»

«ወንዱ ሽማግሌ ይልካል፤ የልጅቷ አባት መልስ ይሰጣል» የሚለውን ብቻ ከላይ ተወና የቀረውን ሸፈነው። ከሥሩ «ዘርዝር» የምትል ቁልፍ አበጀ። ስነካት ጽሑፌ ተዘረጋ፤ ደግሜ ስነካት ተሰበሰበ። እንደ ልጅ ሳቅሁ። እሱ የሚያየው ግን ጽሑፉን ሳይሆን እኔን ነበር። ያን ቀን ወደድኩት፣ ምን እደብቃለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ ላከ። አባቴ በክብር ተቀብሎ «እስቲ እናስብበት» አላቸው። በደስታ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። በእኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት፣ ልጁን ሊገላገል ቸኮለ ተብሎ ይታማል።

ሚስባህ ግን አዲስ አበባ ያደገ ነው። ሽማግሌዎቹ «እንመለስበታለን» ሲሉት ሊያጽናኑት መሰለው። «ሰው አልሰጥም ካለ አላስቸግርም» ብሎ ከለከላቸው። እኔንም ሸሸኝ። እኔስ «መልሰህ ላክ» ልለው ነው? ሴት ልጅ እንዲህ ትላለች? በንዴት አረርኩ።

በኋላ እናቴ ለጁምአ የአንድ የቢስቲማ ነጋዴ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ነገረችኝ። ኩራቴን ትቼ በነጋታው፣ ረቡዕ፣ ደሴ ወጣሁ።

«የጋብቻው ገጽ ገና ሲከፈት ተዘርግቶ ይታይ» አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጠው።

«ይረዝማል እኮ።»

«ይርዘም!»

አንገቱን ደፍቶ ቅንብሩን ቀየረው።

«አሁን ጮክ ብለህ አንብበው።»

«አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ‹እናስብበት› ካለ ተመለሱ ማለቱ ነው። ሽማግሌ ሦስቴ ይመላለሳል…» ድምፁ ቆመ። ዞሮ አየኝ። «ይህን መቼ ጻፍሽው?»

«ቁልፏን የሠራህለት ጽሑፍ ነው!»

«ወላሂ አላነበብኩትም። መከፈት መዘጋቷን ብቻ ነው ያየሁት።»

እንባዬ መጣ። «ለጁምአ ሌላ ሰው ይልካል፣ ሚስባህ። እኔ የምፈልገው አንተን ነው።»

ኮምፒውተሩን እንኳ ሳይዘጋ ደረጃውን ወረደ።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ መጡ። አርብ ማለዳ ደግሞ መጡ። አባቴ «ምነው እንዲህ ተጣደፋችሁ?» ብሎ ሳቀና ሰጠኝ። የቢስቲማዎቹን ምሳ አብልቶ በይቅርታ ሸኛቸው።

ከኒካሁ በኋላ ሚስባህን ጠራው። «ለመሆኑ ልጄ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የት ጠፍተህ ነው?»

«አላነበብኩም ነበር፣ አባባ።»

ነገሩን ሲያስረዳው አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አማቹን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ከደጅ ሲያየው «ያላነበበው መጣ! ምሳ አቅርቡለት!» ይል ነበር።

አባቴ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አላህ ይዘንለት። አሁንም ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚስባህ ደጁ ላይ ቆም ይላል። እጁን ይዤው እንገባለን።