ከመርዶው በፊት የተፈረመ ወረቀት

ቃለአብ ዱባይ ጀበል አሊ ወደብ ውስጥ፣ ያራግፈው በነበረ ኮንቴይነር በር ላይ ተደፍቶ የተገኘው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ታሞ አያውቅም። ሆስፒታሉ «ልቡ ቆሞ» ብሎ ጻፈ። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

እሑድ ጠዋት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህቱ ሃሌሉያ ከአጅማን ተነስታ ዱባይ ሙሉእመቤት ቤት መጣች። ሙሉእመቤት በአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የሥራ ላይ አደጋዎችን የምትመረምር፣ ትንሽ የምትናገር፣ የተነገራትን ግን የማትረሳ ሴት ናት። ሃሌሉያ የዘረጋችላት ከሬሳው የጉዞ ሰነዶች ጋር የተሰጣትን የዐረብኛ ወረቀት ነበር። ሟች በራሱ ሕመም መሞቱን ቤተሰቡ እንደተቀበለ፣ ምርመራ እንደማይጠይቅ፣ ኩባንያውም ከማናቸውም ኃላፊነት ነፃ እንደሆነ ይናገራል። ከግርጌው የእሷ ፊርማ አለበት።

«ጥበቡ የሆስፒታል ነው ብሎኝ ፈረምኩ» አለች ሃሌሉያ። «ነገ ጠዋት ሬሳው ይጫናል። አገር ቤት ከተቀበረ ማን ይመረምረዋል? ወንድሜን በገዛ እጄ አፈንኩት፣ እትዬ ሙሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊርማው ካልፈረሰ ሬሳው አይቆምም፤ ፊርማውን ለማፍረስ ደግሞ የእሷ ቃል ብቻውን አይበቃም። ያስፈረማት ጥበቡ የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። የሠራተኛውን ቪዛ የሚያሳድሰው እሱ ነው፤ ሁለቱ ወንድምና እህት በሚያመልኩበት የሻርጃ የኪራይ አዳራሽም ፊት ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ነው።

ሙሉእመቤት መጀመሪያ የሄደችው የመጋዘኑ አለቃ ሌዊ ዘንድ ነው። የዕለቱ መዝገብ ኮንቴይነሩን ያስከፈተው ሌዊ ነው ይላል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ በዕረፍት ፈቃድ ከቃለአብ ጋር ተጣልቶ ነበር። ጥርጣሬ የሚወድ ሰው ምርመራውን እዚያው ይጨርስ ነበር። ሌዊ ግን ንዴቱን እየዋጠ አንድ ደረሰኝ አወጣ። ረቡዕ ጠዋት ጥበቡ ለቪዛ የደም ምርመራ ሙሀይስና ልኮት ነበር፤ የተመለሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስሙን መዝገቡ ላይ ማን እንደጻፈው አያውቅም።

ከቃለአብ ጋር በአንድ ክፍል ቢድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ ብቻ ተከራይቶ የሚያድረው የዕቃ ማንሻው የፎርክሊፍት ሾፌር ነጋሳ ምንም አላየሁም አለ። ስልኩ ላይ ግን የኮንቴይነሩ ፎቶ ነበር። ሙሉእመቤት ፎቶውን አጉልታ አየችው፤ በሩ ላይ አራት የፕላስተር ቁራጮች አሉ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የተቀደደ ወረቀት ጫፍ ቀርቷል።

«ምን ተለጥፎ ነበር?»

«እንጃ» አለ ነጋሳ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ቪዛው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀችው። ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ አላስጨነቀችውም።

ጥበቡን ያገኘችው ሻርጃ ሮላ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። በትሕትና ተቀበላት፤ ሻይም ጋበዛት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መሀል ዱባይ ቢሮው እንደነበረ፣ ሞቱን የሰማው ሰባት ተኩል ላይ ከሆስፒታሉ እንደሆነ ነገራት። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሃሌሉያን አጅማን አሠሪዋ በር ላይ አግኝቶ፣ መሞቱን አርድቶ፣ ወረቀቱን በአማርኛ ተርጉሞላታል።

«አለቀሰች?»

«አምርራ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።»

ሙሉእመቤት ከሻይ ቤቱ እንደወጣች የአዳራሹ አገልጋይ ለሆኑት ለፓስተር ሸዋንዳኝ ደወለችና ሁለት ነገር ጠየቀቻቸው፦ ሞቱን ማን ነገራቸው? መቼ? ከዚያም አመሻሹ ላይ ሁሉም አዳራሹ እንዲሰበሰቡ ለመነቻቸው።

ጥበቡም መጣ። ባይመጣ ያስጠረጥረው ነበር።

«ፓስተር፣ ሐሙስ ማታ እዚህ ጸሎት ነበር። ሃሌሉያ ምን አለችዎ?»

«በስልክ ደውላ ለወንድሟ ፈውስ እንድንጸልይ ጠየቀችን።»

«እርስዎ ግን መሞቱን ያውቁ ነበር።»

ፓስተሩ አንገታቸውን ደፉ። መርዶ እንዲያው በስልክ የሚነገር አይደለም፤ አሠሪ ማዳሟ ፈቃድ እስክትሰጣት ጠብቀው፣ እስከዚያ ታሟል ብቻ ብለዋት፣ ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበው ሊያረዷት ተስማምተው ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ጥበቡ ነው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሙሉእመቤት። «ሐሙስ ጠዋት ሞቱን ሰምታ አልቅሳ የፈረመች እህት፣ ያንኑ ቀን ማታ ፈውሱን አትለምንም። ስትፈርም አታውቅም ነበር። ወንድም ጥበቡ፣ መርዶው ይቆይ ያልከው ለእሷ አዝነህ አይደለም፤ ሳታውቅ እንድትፈርምልህ ነው።»

«ባህላችን ነው» አለ ጥበቡ። «እኔ ብቻ ነኝ የደበቅኳት?»

«አይደለህም። ማንም ያልጠረጠረህም ለዚህ ነው። ግን ቸኮልክ። መሞቱን ልትነግራቸው ለፓስተር የደወልከው ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ስልካቸው ላይ አለ። ሆስፒታሉ ሞቱን ያረጋገጠው ሰባት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት መሞቱን ማወቅ የሚችለው ሬሳው አጠገብ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ሌዊን ወደ ሙሀይስና ልከህ፣ መዝገቡ ላይ ስሙን ጽፈህ በቦታው የቆምከው አንተ ነህ። በሩ ላይ የነበረውም ማስጠንቀቂያ ነው፤ የተባይ ማጥፊያ ጋዝ ያለበት ኮንቴይነር ላይ የሚለጠፍ፣ በደንብ ሳይናፈስ ማንም እንዳይገባ የሚከለክል። ማን እንደቀደደው ግን እኔ አላየሁም።»

ይህን ስትል ወደ ነጋሳ እንኳ አልዞረችም።

ነጋሳ ከኋላ ወንበር ተነሳ። «እኔ አይቻለሁ። መኪኖቹ ቆመው እየጠበቁ ነው፣ ያላ ቶሎ ክፈቱ አለን ጥበቡ። ወረቀቱን ገንጥሎ ኪሱ ከተተው። ቃለአብ ገባ፤ እኔ ፎርክሊፍቱ ላይ ነበርኩ። ዋላሂ፣ ቪዛዬን ፈርቼ ነው።»

ጥበቡ የሚደግፈው ሰው በዓይኑ ፈለገ። መልሶ ያየው አልነበረም።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነው። ፊርማውን የሚያፈርሰው የምእመናኑ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነቱ ደግሞ እህታቸውን መዋሸታቸውን በጽሑፍ ማመን ነው። ፓስተር ሸዋንዳኝ ብዕሩን ቀድመው ያዙ። «ሐሙስ ማታ መሞቱን እያወቅሁ ለፈውሱ ጸልያለሁ» ብለው በእጃቸው ጻፉና ፈረሙ። ሠላሳ አራት ሰው ተከተላቸው። በማግስቱ የሬሳው ጉዞ የታገደው፣ በኋላም ወረቀቱ በፍርድ ቤት የተሰረዘው በዚህ ነው።

ያን ምሽት ሃሌሉያ ማንንም አልወቀሰችም፤ ማንንም ይቅር አላለችምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ አገር ቤት ሆሳዕና ያለችው እናቷ ሰምታለች?

አልሰማችም። ታሟል ተብላለች። ሽማግሌዎች ማክሰኞ ማለዳ ሄደው ሊያረዷት ተዘጋጅተዋል።

«እኔ ነኝ የምነግራት» አለች ሃሌሉያ፣ ስልኳን እያወጣች። ፓስተሩ እንዲህ በስልክ፣ ብቻዋን ሳለች እንዴት ይሆናል ብለው ሊከለክሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«ሌላ ሰው ሳያስፈርማት» አለች፤ እጃቸውን በቀስታ መለሰችና ደወለች።