አራተኛው መስመር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ የሙት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ የሞተ በጌታ እጅ ነው ብዬ ነው የኖርኩት፣ ባለቤቴን ጴጥሮስን ቀብሬ ስገባም ይህንኑ ብዬ አመስግኛለሁ።

ጴጥሮስ መሃል ከተማ ባለችው ሱቃችን ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። ኮምፒውተር ሲበራ ከየትኛው ልነሳ ብሎ የሚያነበው ዝርዝር አለው፣ ቡት ሜኑ ይሉታል፣ እሱ ባዘጋጃቸው ላይ ደግሞ የእሱ ፊርማ የሌለበት መስመር አይነሳም። ለየመስመሩ ስም የሚያወጣው በዚያ ጠዋት ባነበብነው የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር ነው። የሚፈርምበት ቁልፍ በአንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር፣ ፍላሿ በእሁድ ሱፉ የውስጥ ኪስ ነበረች፣ እኛም ያንኑ ሱፍ አልብሰን ቀበርነው። ትዝ ያለን በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ መስመር ሊፈርም የሚችል የለም።

ሥራውን ልጄ ሩሐማ ያዘች። አባቷ ከሞተ ዓመት ሆኖታል፣ አንድም ቀን አላለቀሰችም፣ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ነን፣ አባቷ ያዘጋጀው የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተር ለጽዳት መጥቶ ከፊቷ ተቀምጧል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በመሃል ጣራው ላይ ኮቴ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የከባድ ሰው ኮቴ።

«አባ ኮዳ ነው» አለች ሳትዞር፣ «ዓሣ ጠግቦ ሊንሸራሸር ወጥቶ ይሆናል።»

እመኑኝ፣ ያ የሐይቅ ዳር ትልቅ ወፍ በዚያ ዝናብ ሲንሸራሸር አይቼ አላውቅም። መብራት ጠፋ፣ ኮቴውም ቆመ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ጢጥ ብሎ ተነሳ።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ።»

ጠዋት ያየነው ሦስት መስመር ነበር፣ አሁን አራት ሆኗል። አራተኛው 77 ይላል፣ ከጎኑም «ፊርማው ተረጋግጧል» የሚል አለ።

«የማን ፊርማ?»

«የአባዬ።»

«የድሮ ይሆናላ።»

«የዛሬ ነው የሚለው።»

«መብራቱ ሰዓቱን አበላሽቶት ነው።»

«እሺ፣ ሰዓቱን መብራቱ ያበላሸው እንበል። መስመሩንስ ማን ጻፈው?»

ያን ጠዋት ብቻዬን፣ ድምፄን ሳላሰማ ያነበብኩት ሰባ ሰባትን ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ምልክቱ አራተኛው ላይ ቆሟል፣ ማንም ካልመረጠ በራሱ ሊነሳ ከአሥር ወደ ታች ይቆጥራል። ፋኑ ጸጥ አለ፣ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው። የሩሐማ ጣት ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

«አትንኪው!»

«አባዬ ፈርሞ ከላከው ምን ያስፈራል?» አለች፣ ድምፅዋ የሕፃን ሆኖ። «አንዴ ብቻ ልየው፣ እማዬ።»

ሦስት ሲል ሶኬቱን ነቀልኩት። ልጄ ደረቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ ዓመት ሙሉ ያልወጣው ያን ጊዜ ወጣ፣ ተመስገን ጌታ ሆይ አልኩ። አቅፌያት ሳለሁ፣ ሶኬቱ በእጄ እንዳለ፣ ኮምፒውተሩ አንዴ ጢጥ አለ።

በማግሥቱ እንደ ልማዴ በጠዋት ተነስቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ሰባ ስምንት ላይ ደርሻለሁ። ጣራውን ትንሽ አዳመጥኩ።

«እማዬ» አለችኝ ሩሐማ ከአልጋዋ ሆና፣ «ዛሬ ስንት ነው?»

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሳላነብ ዘጋሁት።